ገና ያልሰማ ፊት

የጥንት ግሪክ ተዋንያን ካጠለቋቸው ጭምብሎች መካከል ለዛሬ የተረፈ አንድም የለም። ከጨርቅና ከሙጫ የተሠሩ ስለነበሩ በስብሰው ጠፍተዋል። በየሙዚየሙ መስታወት ውስጥ የሚታዩት የድንጋይና የሸክላ ፊቶች ለጌጥ ወይም ለቤተ መቅደስ ስጦታ የተቀረጹ አምሳያዎች ናቸው፤ ማንም አጥልቋቸው አያውቅም። አስተማሪ ስላልነበረኝ ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት አንድ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ፣ በማሰሮ ላይ የተሳለ አንድ ተዋናይ ጭምብሉን እንደ ዘንቢል አንጠልጥሎ ቆሞ አየሁ። ጭምብሉ ፀጉር አለው፤ ከኋላም ዝግ ነው። ፊት ላይ ብቻ የሚደረግ መስሎኝ የነበረው ነገር እንደ ቆብ ጭንቅላትን በሙሉ የሚውጥ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ግን በመጽሐፍ አይደለም። የምሠራው በምዕራብ ሜልበርን፣ ፍራፍሬና አትክልት በሚቀዘቅዝበት መጋዘን ውስጥ፣ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እየነዳሁ ነው። በዕረፍት ክፍላችን ግድግዳ ላይ፣ ከእኔ ጋር የምትሠራ በዕድሜ እናቴን የምታክል የግሪክ ልጅ የሰቀለችው የቀን መቁጠሪያ ነበር። በአንደኛው ወር ላይ አፉን የከፈተ የእብነ በረድ ፊት አለ። ወሩ አልቆ ገጹ ከተገለበጠ በኋላ መልሼ ስገልጠው አገኘችኝና፣ ደሞዝ ያልገባልህ ወር ነው ወይ ብላ ሳቀችብኝ። ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። እሷ ብዙም አታውቅም። አባቷ ግን በኦክሊ፣ የግሪክ አረጋውያን በሚሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ተውኔት እንደሚያሠሩ ነገረችኝ።

የምኖረው ሜልተን፣ ከታላቅ እህቴና ከባሏ ጋር ነው። እናታችን ያኔ ደሴ ነበረች። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እህቴ በየቀኑ ማታ ላይ፣ በደሴ ቀትር አለፍ ሲል ትደውልላታለች። የዚያን ዓመት እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቤት ትውል ነበር።

ጋራዡን ለእኔ ለቀውልኝ ነበር። በጭቃ ራስ እቀርጻለሁ፤ በላዩ ጀሶ አፍስሼ ቅርጹን እወስዳለሁ፤ ከዚያ በጀሶው ውስጥ ጨርቅ በሙጫ እየነከርኩ እደራርባለሁ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ። ጨርቁ ከተልባ ክር የተሸመነ መሆን ስላለበት፣ ሰዎች ለበጎ አድራጎት ሱቅ የሰጧቸውን አሮጌ የጠረጴዛ ልብሶች እየፈለግሁ እገዛ ነበር። እህቴ እስከ ጋራዡ በር ትመጣለች እንጂ አትገባም። ፊት ያለው ምስል የተቀመጠበት ቤት መላኢካ አይገባም ትላለች።

«ቤቱን ለእኛ ትተህ ጋራዡን ለሸይጣን አከራየኸው አይደል?» ትለኝ ነበር፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ።

የሠራኋቸውን በአንሶላ መሸፈን የጀመርኩት ለእሷ ብዬ ነው። ሙጫውንም የቀየርኩት በእሷ ነው። ጥንት ከእንስሳ ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ይጠቀሙ እንደነበር ስለሚገመት አንድ ቆርቆሮ አስመጥቼ ነበር። የምን ቆዳ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ቆርቆሮው ላይ አልተጻፈም። አሳማ ቢሆንስ አለችና በፌስታል ጠቅልዬ እንዳወጣው አደረገችኝ። ከዚያ ወዲያ ልጅ ሆነን ደብተር በምንለብድበት የዱቄት ሙጫ መሥራት ጀመርኩ። ጥሩ ይይዛል። ጠላቱ እርጥበት ብቻ ነው።

የባልደረባዬ አባት ዕድሜያቸውን በሙሉ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። መጀመሪያ ስንገናኝ ከመጨበጥ በፊት በሁለት እጃቸው ጭንቅላቴን ያዙ። ረጅም ነው፣ ከኋላም ጠፍጣፋ ነው አሉ። ፀጉርህን ማን ነው እንዲህ የሚያበላሸው ብለው ጠየቁኝ። ራሴ ነኝ የምቆርጠው አልኳቸው። ያስታውቃል አሉ። ከዚያ የሌሎቹን ተዋንያን ራስ አንድ በአንድ በመዳፋቸው እየያዙ ልኩን ነገሩኝ። በኋላ በሜትር ስለካቸው የተሳሳቱበት አልነበረም።

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁሉ ጡረተኞች ናቸው። ለዓመታት ቀልድ ሲሠሩ ኖረው፣ በዚያ ዓመት ግን አንድ የጥንት መራር ተውኔት በጭምብል ሊያሳዩ ቆርጠው ነበር። ታሪኩ ልጇ ከሩቅ አገር እንዲመለስ ስለምትጠብቅ እናት ነው። የእናቲቱን ቦታ የሚጫወቱት ራሳቸው ሽማግሌው፣ የባልደረባዬ አባት ናቸው፤ በጥንቱ ሥርዓት የሴቶችንም ቦታ የሚይዙት ወንዶች ነበሩና። በነዚያ ተውኔቶች ሞት መድረክ ላይ አይታይም። ሰው የሚሞተው ሌላ ቦታ ነው። መልእክተኛ መጥቶ የሆነውን ሁሉ ቆሞ ይናገራል፤ ተመልካቹ የሚያየው የሚሰማውን ሰው ነው።

ለእናቲቱ የሠራሁትን የመጀመሪያ ጭምብል ይዤ ስሄድ ኩራት ነበረኝ። ቅንድቦቹን ወደ መሐል ሰቅያቸዋለሁ፤ የአፉን ጫፎች ወደ ታች ስቤያቸዋለሁ፤ ግንባሩ ላይ መስመር አውጥቻለሁ። ሽማግሌው ጭምብል የሚያጠልቁበት ሥርዓት አላቸው። መጀመሪያ በእጃቸው ይዘው ዝም ብለው ያዩታል፤ ከዚያ ለሰው ጀርባቸውን ሰጥተው ያጠልቁታል። እንደዚያ አደረጉ። ዞሩና ትንሽ ቆሙ። ከዚያ መልሰው ዞረው አወለቁት።

«ይቺ አልቅሳ ጨርሳለች» አሉኝ። «ለእኔ ምን አስቀረህልኝ?»

ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ሴትዮዋ ስትገባ ምንም አልሰማችም። መርዶው የሚመጣው መሐል ላይ ነው። ጭምብሉ ደግሞ ከመግቢያዋ እስከ መውጫዋ አንድ ነው። ከመጀመሪያው የሚያለቅስ ፊት እኩሌታውን ውሸታም ነው፤ የሚስቅ ፊትም እንደዚያው። በጣም ጥንታዊ በሆኑት ሥዕሎች ላይ ያሉት ፊቶች ጸጥ ያሉ ናቸው፤ አፋቸው በትንሹ ብቻ ተከፍቷል። እኔም አይቻቸው ነበር፤ ነገር ግን ሠዓሊው ስላልቻለበት መስሎኝ፣ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የመጡትን አፋቸው የተለጠጠ የድንጋይ ፊቶች ነበር የቀዳሁት። ጭምብሉን በዕቃ መያዣ ከረጢት ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሁለት ባቡር ቀይሬ ሜልተን ተመለስኩ።

የፈለግሁትን ፊት ያገኘሁት ቤት ውስጥ ነው። እህቴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ለእናታችን እየደወለች ነበር። ስልኩ ይጠራል። ግንባሯ ተፈትቶ፣ ከንፈሯ በትንሹ ተላቆ፣ ዓይኗ የትም ሳይሆን ትጠብቃለች። ደስታም ሐዘንም የለበትም፤ ባዶ ግን አይደለም። የሚመጣውን ሁሉ ለመቀበል የተዘጋጀ ፊት ነበር። ከዚያ እናታችን «አቤት የኔ እናት» ብላ አነሳችና ፊቱ ጠፋ። ሻይዬን ትቼ ወደ ጋራዥ ሄድኩ። የእሷን ፊት እየሠራሁ መሆኔን አልነገርኳትም።

ሽማግሌው ሁለተኛውን አጥልቀው ዞሩ። አገጫቸውን ዝቅ ሲያደርጉ አዘነች። ቀና ሲያደርጉ ፈገግ ልትል ደረሰች። አሁን ይሠራል አሉ። በተውኔቱ ውስጥ በአንድነት ቆመው ለሚዘምሩት ዘማሪዎችም ከዚሁ ቅርጽ እንዳወጣላቸው አዘዙኝ፤ በጥንቱ ሥርዓት ዘማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ፊት ነው ያላቸው።

እህቴ ወንድ ልጅ ወለደች። እናታችን የሕፃኑን ለቅሶ በስልክ ሰማች፤ የአባቱ ድምፅ ነው ብላ ሳቀች፤ ዱዓ አደረገች።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የእህቴ ባል ሥራ ቦታ ደወለልኝ። ሺፍቴን ስጨርስ ፉትስክሬይ እንድመጣ ነገረኝ። ለምን አልኩት። እንዲሁ ነው፣ ሐጂ ሊያዩህ ፈልገው ነው አለኝ። ድምፁ እንዲሁ አልነበረም። ሐጂ በዚህ ከተማ ለምንኖር የወሎ ልጆች ትልቃችን ናቸው፤ ሰርግ ቢሆን ለቅሶ ቢሆን ያለ እሳቸው አይሆንም። በጣቢያው አጠገብ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት የጓዳው ክፍል ውስጥ ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጠረጴዛው ላይ ምንም አልቀረበም። የምሳ ሰዓት ላይ ምግብ ቤት ተቀምጠው ማንም ምንም አላዘዘም።

አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ስለ ሕፃኑ ጠየቁኝ። ከዚያ እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ እናታችሁ ወደ አኼራ ሄደዋል። ሁላችንም የአላህ ነን፤ ወደ እርሱ ተመላሾች ነን» አሉ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት በሩን ዘጋልን። እስኪበቃኝ ድረስ አለቀስኩ፤ አላስቆሙኝም። ዝም ስል ነው ሐጂ ቀሪውን የነገሩኝ። እህቴ አራስ ናት። በእኛ ዘንድ ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ጡቷ ይደርቃል፣ ሰውነቷም አይችለውም ይባላል። አርባዋ ሲወጣ ራሳቸው መጥተው፣ ሴቶቹም ተሰብስበው፣ በወጉ ይነግሯታል። እስከዚያ ባሏ ስልኳን ይጠብቃል።

«አንተ አትዋሽ» አሉኝ። «ዝም በል። ዝምታ ታውቅበታለህ። ፊትህም አይናገርም።»

ከልጅነቴ ጀምሮ ይባልልኛል። እናቴ ራሷ ይሄ ልጅ ይራበው ይጥገብ አይታወቅም ትል ነበር። በምግብ ቤቱ ቧንቧ ፊቴን አስታጠቡኝና ዓይኔ እስኪጠራ አብረውኝ ተቀመጡ። ከዚያ የእህቴ ባል በመኪናው ወደ ሜልተን ወሰደኝ። 

ባሏ በደሴ ኔትወርክ ተቋርጧል አላት። እዚያ አገር ደጋግሞ የሚሆን ነገር ስለሆነ አመነችው። ስልክሽ አፕዴት ይፈልጋል ብሎ ወሬ የሚመጣባቸውን መተግበሪያዎች ሁሉ አጠፋባት። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግን ዓይኗን ማየት አይችልም። በገባች በወጣች ቁጥር የታጠበ ሰሐን መልሶ ያጥባል። ሴቶች ገንፎና አብሽ ይዘው ሊጠይቋት ይመጡ ነበር። የሰሙት ካልሰሙት ይለያሉ፤ የሰሙት ከልክ በላይ ይስቃሉ። ሕፃኑ ባዛጋ ቁጥር ይስቃሉ። አፋቸው የኋለኛውን ዘመን የድንጋይ ፊቶች ይመስል ነበር፤ የተለጠጠ፣ ከሩቅ እንዲታይ የተሠራ።

እኔ ከእህቴ ጋር በአንድ ሳህን እበላ ነበር። አንድ ነገር አስተዋልኩ። ባሏ በንግግሩ በተደናቀፈ ጊዜ፣ ወይም አንዷ እንግዳ ሳቋ በተሰበረ ጊዜ፣ እህቴ ቀና ትልና ወደ እኔ ታያለች። ፊቴን ታያለች፤ ከዚያ ወደ ምግቧ ትመለሳለች።

«እማ ዛሬም አልተገኘችም?» አለችኝ አንድ ቀን።

«አልተገኘችም» አልኳት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኦክሊ መሄዴን አልተውኩም። ብተው ለምን ብላ ትጠይቃለች። ከዘማሪዎቹ አንዱ ታሞ የቀረ ቀን፣ ሽማግሌው መብራቱን ለማየት ስለፈለጉ የእሱን ጭምብል አጥልቄ በቦታው እንድቆም ጠየቁኝ። የራሴን ሥራ ከዚያ በፊት ለልክ ያህል እንጂ ለረጅም ጊዜ አጥልቄው አላውቅም ነበር። ውስጡ የደረቀ ሊጥ ይሸታል። የገዛ ትንፋሽ ይጮሃል። በሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች የሚታየው ከፊት ያለው ብቻ ነው፤ ጎንን ለማየት ራስን በሙሉ ማዞር ያስፈልጋል። መልእክተኛው ገባና መናገር ጀመረ። ግሪክኛ አላውቅም። የት ቦታ ላይ እንደደረሱ ግን አውቃለሁ፤ ሽማግሌው ከዚያ በፊት አንድ በአንድ ነግረውኛል። የሞተው እንዴት እንደሞተ፣ ማን እንዳነሳው፣ ማን እንዳጠበው ነው የሚናገረው። ለሚሰማው ሰው አንድም ነገር አያስቀርም።

እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። ከምግብ ቤቱ ጓዳ በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር። በግራና በቀኜ እንደ እኔው ያለ ፊት ያጠለቁ ሰዎች ቆመው ነበር፤ ማንም አላየኝም። ንግግሩ ረጅም ነው። እስኪያልቅ ድረስ አለቀስኩ። ሲያልቅ እንደ ሥርዓቱ ጀርባዬን ሰጥቼ አወለቅኩና ፊቴን በእጅጌዬ ጠርጌ ዞርኩ።

ሽማግሌው ሊሰቅሉት ተቀበሉኝ። ጣታቸው ወደ ውስጥ ሲገባ ቆሙ። የዱቄቱ ሙጫ ርሶ፣ ጉንጩ ላይ ያለው ጨርቅ ተላቆ በእጃቸው ቀረ። ሙጫው እርጥበት አይችልም፣ እንደገና እሠራዋለሁ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። እሳቸው ጨርቁን አላዩም። እኔን ነው የሚያዩት።

«ማን ሞተብህ?» አሉኝ።

«እናቴ» አልኩ።

ቃሉን በራሴ አፍ ስናገረው ያ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ለምን ቤት ሆኜ እንደማላለቅስ በአጭሩ ነገርኳቸው። ወደ ሌሎቹ ዞረው በቋንቋቸው ጥቂት ቃላት ተናገሩ። ሁሉም ጭምብላቸውን ብብታቸው ውስጥ እንደያዙ መጡና ተሰልፈው አንድ በአንድ ጨበጡኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚሉት። ሕይወት ለእናንተ ይሁን ማለት እንደሆነ ባልደረባዬ በኋላ ነገረችኝ። አንዲት አሮጊት ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ውሃና ደረቅ ብስኩት አመጣችልኝ፤ እስክበላ ድረስም ከፊቴ አልሄደችም። የእናቴን ለቅሶ መጀመሪያ የተቀመጥኩት እዚያ ነው፤ እናቴን በማያውቁ ሰዎች መሐል። በየብብታቸው ያለው ፊት ሁሉ የእህቴ ነበር።

ሽማግሌው እስከ ባቡር ጣቢያ በመኪና አደረሱኝ። በወጣትነታቸው እዚህ አገር አዲስ ሳሉ እሳቸውም አባታቸው ሞቶ ተደብቆባቸው እንደነበር አወሩኝ። አብሯቸው አንድ ክፍል የሚኖር የአገራቸው ልጅ ሰምቶ ዝም ብሏቸው ነበር። ሲሰሙ ተቆጥተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የነገረኝን ሰው አልተቆጣሁትም» አሉ መንገዱን እያዩ። «የተቆጣሁት አብሮኝ ሲበላ የነበረውን ነው።»

በማግስቱ ለሐጂ ደወልኩላቸው። ቀደም ብለን ብንነግራት አልኳቸው። እህቴን እንዳላጣት መፍራቴን ግን መናገር አልቻልኩም። ታግሠው ሰሙኝ። ይህ ያንተ ብቻ አይደለም አሉኝ፤ ሕፃኑም አለበት፤ ሁሉ ነገር በወጉ ይሁን፤ ትንሽ ነው የቀረው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ለእሷም ለእኔም አስበው ነው። እሺ አልኳቸው።

ቀኑ ሲደርስ ጠዋት ነበር፤ ሜልተንን ጉም ሸፍኖታል። እህቴ ሕፃኑን አቅፋ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። ከጉሙ ውስጥ መኪኖች እየመጡ ከቤታችን ፊት ለፊት በተርታ ቆሙ። ሐጂ ወረዱ። ሴቶቹ ጥቁር ሻሽ አስረው ወረዱ። ማንም በር አላላጋም፤ ሁሉም በቀስታ ነው የዘጉት። እህቴ ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ምንጣፉን ያያል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

ፊቴን ልፈታው ፈለግሁ። አንድ ነገር እንዲነግራት፣ ቢያንስ እንዲያዘጋጃት ፈለግሁ። ነገር ግን ያን ሁሉ ጊዜ አጥብቄ ይዤው ኖሬ መልቀቂያው ጠፋኝ። እህቴ አየችኝ፤ እስኪበቃት ድረስ አየችኝ። ትከሻዋ ወረደ።

«ለልጁ አርባ ነው የመጡት» አለች። «ተምሩን አውጣልኝ እስቲ።»

ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ተምሩን አወጣሁ። በሳህን አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሐጂ ገቡ፤ ሴቶቹ ተከትለው ገቡና በግራና በቀኟ ተቀመጡ፤ አንዷ ሕፃኑን ከእቅፏ ተቀበለቻት። ሐጂ ልጄ ብለው ጀመሩ። እሳቸው ሲናገሩ እህቴ የምታየው እኔን ነበር።

ጩኸቷን አልጽፈውም።

ለቅሶው ጋራዡ ውስጥ ተደረገ። ጭምብሎቹ ወደ ኦክሊ ሄደው ስለነበር ጠረግነው፤ ለወንዶቹ ምንጣፍ ተነጥፎ ወንበር ተደረደረ። ተውኔቱ የታየው በዚያው ሰሞን ነው፤ እኔ አልሄድኩም። አባቷ ጥሩ እንደሠሩ፣ ሰውም ጸጥ ብሎ እንዳየ ባልደረባዬ ነገረችኝ። የዘማሪውን የተላቀቀ ጉንጭ ራሳቸው ለጥፈውታል።

እህቴ ባሏን ወዲያው ነው ይቅር ያለችው። በለቅሶው መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አንተስ ፊትህ ውሸት አይችልም፣ ጠርጥሬህ ነበር አለችው። ሰዎቹ በሐዘን መሐል ሳቁ፤ እሱም ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ። እኔን ግን አታናግረኝም። ሳህን ስታቀብለኝ እንኳን ወደ ሌላ ታያለች። ጥፋቴ ምንድን ነው ማለት አልቻልኩም፤ ጥፋት ነው ያለኝም የለም። ሰዎቹ አመሰገኑኝ። ወንድ ነህ፣ ቻልከው አሉኝ። ሐጂ ራሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉት።

ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ባሏ ሥራ ሄዶ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እሱን አይቼ ልቤ ወርዶ ነበር» አለችኝ። «አንተን አይቼ ነው የተቀመጥኩት።»

 ታዝዤ ነው ማለት እችል ነበር፤ ታውቀዋለች።

«ለመሆኑ አለቀስክ?»

«አለቀስኩ።»

«የት?»

«ኦክሊ።»

«ከማን ጋር?»

ነገርኳት። ስለ አሮጊቷና ስለ ብስኩቱም ጭምር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ጎሽ» አለች። «ግሪክ ሁሉ ሲያጽናናህ፣ እኔ ስለ ኔትወርክ እጠይቅሃለሁ።»

ቀልድ አልነበረም።  ሕፃኑ ትንሽ ድምፅ አሰማና መልሶ ተኛ። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«በል ንገረኝ» አለችኝ። «አንድም ሳታስቀር።»

የምነግራት ነበረኝ። ከመጋዘኑ መኪና ማቆሚያ ሆኜ አጎታችን ጋ እየደወልኩ ሁሉንም ጠይቄ ነበር። ሲሰለቸው፣ ሲያለቅስ፣ እንደገና እየደወልኩ ጠይቄዋለሁ። ነገርኳት። የዚያን ቀን እናታችን ለዙሁር ሶላት ታጥባ ዉዱዕ አድርጋ ስትመለስ ጀርባዬን በረደኝ አለች። የጎረቤቷን ልጅ ጠርታ ፍራሹን ፀሐይ ወዳለበት፣ ወደ በሩ ጥግ እንድትስብላት ነገረቻት። በተቀመጠችበት ሰገደች። ከዚያ በጎኗ ተጋደመች።

«በየትኛው ጎኗ?»

«በቀኝ።»

«እሺ።»

ያጠቧት እህቷና ሁለት የሰፈር ሴቶች ናቸው። የቧንቧ ውሃ ስላልነበረ ከበርሜሉ ነው የቀዱት፤ አሙቀውታል። የምትገነዝበትን ነጭ ጨርቅ፣ ከፈኗን፣ ከሳጥኗ አወጡ። ከላይ የነበረው ነው ወይ፣ ከመካ የመጣላት ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት፤ በዘምዘም የተነከረው። ሲሸከሟት ዝናብ ጀመረ፤ አንድ ሰው በመንገዱ ሁሉ ጃንጥላ ዘረጋላት። ከዐስር ሶላት በፊት ከአባታችን ጎን ተቀበረች።

«የመጨረሻ ቃሏስ?» አለችኝ። «ከተጋደመች በኋላ ምን አለች?»

ይህን ዘልዬው ነበር። ከተጋደመች በኋላ ለልጅቷ ስልኩ ቻርጅ አለው ወይ ብላት ነበር። ልጅቷ የለውም አለች፤ መብራት ጠፍቶ አድሮ ነበር። እንግዲያው ሶላር ያለው ጎረቤት ጋ ወስደሽ ሰክተሽልኝ ነይ፣ ልጄ ትደውላለች አለቻት። ልጅቷ ሰክታ ስትመለስ እናታችን አልፋ ነበር።

ይህን ነገርኳት። ልጄ ትደውላለች የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። ፊቴ ምን እንደሆነ አላውቅም። እህቴ የዚያን ዕለት ማታ ደጋግማ ደውላ ዝግ ነው ብሏት ነበር፤ እኔም አጠገቧ ነበርኩ።  እጄን ወደ ፊቴ ሳነሳ ያዘችኝና ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ዓይኗን ከፊቴ ላይ አላነሳችም።

«ቀጥል» አለችኝ።

ቀጠልኩ።